ሲስተር ተመልሰው የመጡባት ሌሊት

አንዲት ሌሊት አለችኝ። 12 ዓመት ሆናት። ሰው አልሞተባትም። በየትኛውም መዝገብ ላይ አልተጻፈችም። ባለቤቴ እንኳ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አታውቃትም ነበር። ግን መጥታ መጥታ ትቀሰቅሰኛለች። አንዳንዴ መኪና ስነዳ፣ አንዳንዴ ራውንድ መሃል፣ ታካሚ እየዞርኩ ሳይ። አንድ ነርስ «ዶክተር፣ አንዴ» ሲል በሰማሁ ቁጥር ያቺ ሌሊት ትመጣለች።

2006 ዓ.ም. ነው። ኢንተርን ነኝ፤ ተለማማጅ ሐኪም። ቦታው አንድ የክልል ሆስፒታል ነው፤ የውስጥ ደዌ ክፍል። ዱቲ፣ ማለትም ተረኛ ሆኜ፣ የገባሁት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነበር። አሁን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሆኗል። ምሳ በልቻለሁ፤ እራት አልበላሁም። ክፍሉ ውስጥ ወለል ላይ ፍራሽ የተነጠፈላቸውን ጨምሮ 34 ታካሚ አለ። ነርሶቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ገና ከኮሌጅ የወጣች ልጅ ናት። ሌላዋ ሲስተር ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ጠይቄያቸው «ስሜን ተወው ልጄ» ብለውኛል። ያኔ ወደ 50 ይጠጋሉ። እኔ 24 ነኝ። እሳቸው ነርስነት ሲጀምሩ እኔ ገና ቆሜ አልሄድኩም ነበር።

9 ሰዓት ግድም አንዲት የ19 ዓመት ልጅ አባቷ ይዘዋት መጡ። ከገጠር ነው የመጡት። ልጅቷ የስኳር ታማሚ ናት፤ በልጅነት የሚጀምረው፣ ያለ ኢንሱሊን የማያኖረው ዓይነት። ኢንሱሊኗ ካለቀ 4 ቀን ሆኖታል። ምን እንደያዛት ገና ከበሩ ላይ ሳያት አወቅኩ። አተነፋፈሷ ጥልቅና ፈጣን ነው፤ ዳገት የወጣ ሰው ትመስላለች። ከአፏ የበሰበሰ ፍራፍሬ ሽታ ይወጣል። ስኳሯን ስለካ ማሽኑ ቁጥር አላወጣም። መለካት ከሚችለው በላይ ነው ማለት ነው። ደሟ አሲድ እየሆነ ነው።

ምን መደረግ እንዳለበት አውቃለሁ። ተማሪ ሁሉ የሚፈተንበት ነገር ነው። ፈሳሽ አስጀመርኩ። ቻርቱ ላይ ኦርደር ጻፍኩ፦ ሬጉላር ኢንሱሊን፣ 10 ዩኒት፣ በደም ሥር። ከዚያ ጥግ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለአንድ ደቂቃ ብዬ ነው። ዓይኔ ተከደነ።

«ዩኒት» የሚለውን ቃል ግን ሙሉውን አልጻፍኩትም። ሁላችንም እንደምናደርገው የእንግሊዝኛዋን «ዩ» ፊደል ብቻ ከቁጥሩ ጎን ለጠፍኳት። በችኮላ ስትጻፍ አናቷ የምትገጥም ፊደል ናት። አናቷ ከገጠመ ደግሞ ዜሮ ናት።

«ዶክተርዬ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሲስተር ናቸው። «ይቺን ኢንሱሊን አንዴ እያት። አስር ነው መቶ?»

ጭንቅላቴን አላነሳሁም።

«ሲስተር፣ የተጻፈውን ስጪ!» አልኳቸው።

## «ስጪ»

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ቃል ነው። «ስጪ» አልኩ። «ይስጡ» አላልኩም። እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ሰፈር ውስጥ ባገኛቸው ዝቅ ብዬ «እንደምን አደሩ» የምላቸው፣ ታክሲ ውስጥ ቢገቡ ተነስቼ ቦታ የምለቅላቸው ሰው ናቸው። እኔን ያሳደገችኝ ሴት ለትልቅ ሰው «አንቺ» ማለቴን ብትሰማ በጥፊ ትለኝ ነበር። ጋዋኑን ከለበስኩ ገና አንድ ዓመት አልሞላኝም። ጋዋኑ ግን 24 ዓመት የተማርኩትን አስረሳኝ።

ሲስተርም ያንን ተቀብለውት ነበር። ይህም ይገርመኛል። በሆስፒታል ውስጥ ዕድሜ የሚቆጠረው በሌላ መንገድ ነው። ስንት ሌሊት እንዳደርክ፣ ስንት ሰው ሲሞትና ሲድን እንዳየህ አይጠየቅም። ከስምህ በፊት ያለው ማዕረግ ነው የሚጠየቀው። እሳቸው ያን ሌሊት ከእኔ ይልቅ ኢንሱሊን ያውቁ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ቀድተውታል። ቢሆንም «ስህተት ነው» ማለት አልቻሉም። «አንዴ እያት» ብቻ ነው ያሉት። ይህ ይሉኝታ ነው፤ ትሕትናም ነው። ከሁለቱም በላይ ግን ፍርሃት ነው። ያንን የተረዳሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ሄዱ። እኔም መልሼ ተኛሁ።

ከዚያ እንደገና መጡ። ወዲያው ነው የመሰለኝ። እንቅልፍ ውስጥ ያለ ሰው ጊዜ አያውቅም። አሁን አልጠየቁኝም። ቻርቱን ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ባትሪ አብርተው ጽሑፉ ላይ አደረጉት።

«አንተ ራስህ አንብብልኝ። ያነበብከውን እሰጣለሁ» አሉ።

አነበብኩት። «መቶ» አልኩ።

የራሴን ድምፅ ስሰማ ነው የነቃሁት። በገዛ እጄ የጻፍኩትን እኔው መቶ ብዬ አነበብኩት። ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ይታወቀኛል። እስክሪብቶ ፈልጌ ሰረዝኩት። «አስር ዩኒት» ብዬ በፊደል ጻፍኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲስተር ቻርቱን አንስተው «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብለው ሄዱ።

እሳቸው ናቸው እኔን ያመሰገኑት። እኔ ምንም አላልኩም።

ጠዋት ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። በጠዋቱ የሕክምና ስብሰባ፣ በሞርኒንግ ሴሽን ላይ፣ ታሪኳን አቀረብኩ። የመጣችበትን ሰዓት፣ የሰጠኋትን ፈሳሽ፣ የስኳሯን አወራረድ፣ ሁሉንም በዝርዝር። አንዷን ነገር ብቻ አስቀረሁ። ሲኒየሩ፣ የበላያችን የሆነው ሐኪም፣ «ጥሩ ይዛችኋታል» አለ። ምስጋናውን ተቀብዬ ተቀመጥኩ።

## አንዲት ሚሊ ሊትር

ሐኪም ላልሆነ አንባቢ ልዩነቱን ልንገረው። የእኛ አገር የኢንሱሊን ብልቃጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት ይይዛል። 10 ዩኒት ማለት የዚያ አንድ አሥረኛ ነው፤ ጠብታ ነው። 100 ዩኒት ግን ትንሿን ሲሪንጅ አፍ እስከ ገደፏ ይሞላታል። በደም ሥር ቢገባ ስኳሯን ከሚገባው በታች ያወርደዋል። ፖታሲየሟንም ከደሟ ጠርጎ ወደ ሕዋሳቷ ያስገባዋል። ልጅቷ ደግሞ ለ4 ቀን ስትሸናና ስታስመልስ የከረመች ናት፤ በሰውነቷ ውስጥ ብዙ ፖታሲየም አልቀረም። ልቧ ሊቆም ይችል ነበር። ማንም አይጠረጥርም። «ዘግይታ መጣች» ይባል ነበር። አባቷም አምነው አስከሬኗን ይዘው ይሄዱ ነበር።

ኢንሱሊን የተባረከ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ከመውሰዱ በፊት ይህ በሽታ የያዘው ልጅ የሞት ቀኑን የሚጠብቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ልጆች ማደግ ጀመሩ። ይኸው መድኃኒት በትንሽ ስህተት ብዙ ጉዳት ከሚያደርሱት ተርታም ይመደባል። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 በኦርደር ላይ መጻፍ የሌለባቸውን ምኅጻረ ቃላት ዝርዝር አወጣ። ከዝርዝሩ ውስጥ ያቺ «ዩ» አለች። ዜሮ ትመስላለች፤ አራትም ትመስላለች ተባለ። ዩኒት የሚለውን ቃል ሙሉውን ጻፉ ተባለ።

እኔ ያን የጻፍኩት ዝርዝሩ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው። ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ያስተማሩኝም ሰዎች ያስተማራቸው አልነበረም።

## እንቅልፍ ብቻ ነው?

ለረጅም ጊዜ ራሴን ያጽናናሁት በእንቅልፍ ነው። «20 ሰዓት ሙሉ ቆሜ ነበር፤ ሰው ነኝ» እላለሁ። ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። ሰውን እንቅልፍ እየከለከሉ ሥራ አሠሩት። ሌላ ጊዜ ደግሞ አልኮል እየሰጡ ያንኑ አሠሩት። 17 ሰዓት ያልተኛ ሰው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለ ሰው ሆነ። 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ወደ 0.10 ደረሰ። ከአዲስ አበባ ጎንደር የሚሄድ አውቶቡስ ሹፌር ጠጥቶ መሪ ቢይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ዘሎ ይወርዳል። 24 ሰዓት ያልተኛ ሐኪም ሲመጣ ግን አስታማሚው ተነስቶ «እግዜር ይስጥልን» ይላል።

የኒውዮርኳ ሊቢ ዛየን ታሪክ ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። 18 ዓመቷ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1984 ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ገብታ በማግስቱ ሞተች። ከምትወስደው መድኃኒት ጋር የማይስማማ መርፌ ተሰጥቷት ነበር። የያዟት ገና በሥልጠና ላይ ያሉ፣ ብዙ ታካሚ የተሸከሙ ወጣት ሐኪሞች ነበሩ። አባቷ ጋዜጠኛ ነበር። ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የኒውዮርክ ግዛት ተለማማጅ ሐኪም በሳምንት ከ80 ሰዓት፣ በተከታታይ ደግሞ ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የ80 ሰዓቱ ገደብ መላ አሜሪካን አዳረሰ። ቦስተን ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተሠራና በ2004 የወጣ ጥናትም፣ በረጅሙ ዱቲ የሚሠሩ ኢንተርኖች አጠር ባለ ፈረቃ ከሚሠሩት ይልቅ ከባድ ስህተታቸው በ36 በመቶ እንደሚበልጥ አሳየ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይቀል ነበር። ሰዓቱን አሳጥሩ፣ ሐኪሙን አስተኙ፣ አለቀ። ግን አላለቀም። በኋላ የተሠሩ ትልልቅ ጥናቶች የሥራ ሰዓቱን በማጥበቅና በማላላት መካከል በታካሚ ሞት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ፈረቃ ሲያጥር ርክክብ ይበዛል። ርክክብ ሲበዛ ወሬ ይጠፋል። ማን ምን እንዳዘዘ፣ የቱ ውጤት እንደሚጠበቅ ሳይነገር ይቀራል። በአሜሪካና በካናዳ 9 ሆስፒታሎች ርክክቡን ሥርዓት አስይዘው ሲሞክሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ውጤት መሠረት የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት አልገባም። አዲስ ማሽን አልተገዛም። ሰዎች እርስ በርሳቸው በደንብ ተነጋገሩ፤ በቃ።

እንቅልፍ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። 36 ሰዓት የሚያሠራ ዱቲ በደል ነው፤ በሐኪሙም በታካሚውም ላይ። ግን ያን ሌሊት እንቅልፌ ልጅቷን ሊገድላት ሲል ያዳናት የእኔ መንቃት አልነበረም። የሌላ ሰው ተመልሶ መምጣት ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማው ስለ ጉልበት የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

## ሁለት ጊዜ መናገር

የአውሮፕላን አብራሪዎች ይህን የተማሩት በብዙ ሞት ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በቴነሪፍ ደሴት ላይ ጭጋግ ውስጥ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጩ። 583 ሰው አለቀ። አንደኛው አውሮፕላን ለመነሳት እየተንደረደረ ሳለ የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን ከመንገዱ ወጥቶ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት ወጥቷል አለ። ስመ ጥር ካፒቴን ነበር፤ አሠልጣኝ ነበር። መሐንዲሱ ዝም አለ። መልሱን ከሰማ በኋላ ዳግም አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲህ የአቪዬሽን ዓለም አብራሪዎችን አብሮ መሥራትን ማሠልጠን ጀመረ። ካፒቴኑ መስማትን፣ ረዳቱ ደግሞ መናገርን ይማራሉ። ሕክምናም ዘግይቶ ከዚያ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ ለሆስፒታል ቡድኖች በተዘጋጀው ሥልጠና ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ስጋት ካለህ ትናገራለህ። ካልተሰማህ ደግመህ ትናገራለህ። ሁለተኛውም ካልተሰማ ወደ ሌላ ሰው ትሄዳለህ። ደግሞ መናገሩ መብት አይደለም፤ ግዴታ ነው።

ይህን ሕግ መጀመሪያ ያነበብኩት ሬዚደንት ሆኜ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን ስማር ነው። አንብቤ ቁጭ አልኩ። ሲስተር ይህን ሥልጠና አልወሰዱም። ማንም «ሁለተኛ መናገር ግዴታዎ ነው» አላላቸውም። እንዲያውም ያደጉት «ዝም አይነቅዝም» ሲባል እየሰሙ ነው። እኔም አንደኛውን ጥያቄያቸውን ረግጬው ነበር። እና ወደ እኔ ምን መለሳቸው? ይህ ጥያቄ ዓመታት ተከተለኝ።

## ወንበሩ ሲቀየር

ባለፈው ዓመት ነው። አሁን እኔው ሲኒየር ነኝ። ራውንድ ላይ አንዲት አሮጊት እናት አሉ። ለኢንፌክሽናቸው አንቲባዮቲክ አዘዝኩ። ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት ነው። የኩላሊታቸው ውጤት ያን ጠዋት ደርሶ ነበር፤ ጥሩ አልነበረም። እኔ አላየሁትም። ኢንተርኗ አይታዋለች። ወረቀቱ ኪሷ ውስጥ ነበር።

አልተናገረችም።

ማታ ሬዚደንቱ አግኝቶት አስቆመው። አንድ መርፌ ብቻ ነው የገባው፤ ጉዳት አልደረሰም። በማግስቱ ጠራኋት። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ያዩት መስሎኝ ነው ዶክተር» አለች። ዝም አልኳት። ቆይታ፣ ዓይኗን ወለሉ ላይ እንደተከለች፣ «ትናንት ጓደኛዬን ታካሚ ፊት ሲቆጡት ስላየሁ ነው» አለች።

አላስታወስኩትም። የትኛውን ልጅ፣ በምን ጉዳይ? ሳስብ ዋልኩ። ማታ ነው ትዝ ያለኝ። አንድ ልጅ በራውንድ መሃል አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር። ቸኩዬ ነበር። «ይህንንማ ሳታውቅ እንዴት እዚህ ደረስክ?» አልኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ተናግሬ ረሳኋት። እሷ ግን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ያለን ወረቀት አስቀረች።

ያን ማታ አንድ ነገር ገባኝ። ሲስተር ለምን ተመለሱ፣ ኢንተርኗ ለምን ዝም አለች እያልኩ የሰዎቹን ጠባይ ስመረምር ኖሬያለሁ። ደፋርና ፈሪ እያልኩ። የመጠየቅን ዋጋ የሚተምነው ግን ጠያቂው አይደለም፤ ተጠያቂው ነው። እኔ ነኝ ዋጋውን የሰቀልኩት። 2006 ላይም እኔው ነበርኩ።

የእኔ ቁጣ ከየት መጣ ብዬም አስቤያለሁ። ሰበብ ፍለጋ አይደለም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችንና የሥራ ሁኔታችን ይስተካከል ብለው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ፣ የታሰሩም ሲኖሩ፣ ብዙ ሰው የገንዘብ ጥያቄ ብቻ አድርጎ አየው። ገንዘብም ነው። ደመወዙ ከቤት ኪራይ የማያልፍ ሐኪም፣ የዱቲ ክፍያው ለወራት የሚዘገይበት ነርስ፣ ዋርድ የሚገባው ያን ጭንቀት ተሸክሞ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ የሚመጣውን ይህን ነገር፣ በእንግሊዝኛ «በርንአውት» የሚባለውን፣ ሲተረጉም ሦስት ነገር አለው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ የምሠራው ምንም አይጠቅም ማለት። በአማርኛ «ዝለት» የሚሉት አሉ። ጥሩ ቃል ነው፤ ድካሙን ይነግራል። የሆድ መሻከሩን ግን አይነግርም። እኔ የማውቀው መሻከሩን ነው። ታካሚው ሰው መሆኑ ቀርቶ የአልጋ ቁጥር ሲሆንብህ። የሚጠይቅህ ሁሉ ጊዜህን የሚሰርቅ ሲመስልህ። ቁጣው ደግሞ ወደ ላይ አይወጣም። ከሲኒየር ወደ ሬዚደንት፣ ከሬዚደንት ወደ ኢንተርን፣ ከኢንተርን ወደ ነርስ፣ ከነርስ ወደ አስታማሚ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ የሚያርፈው መርፌው ከሚገባበት ክንድ ላይ ነው።

በዚያው ሳምንት በሞርኒንግ ሴሽን ላይ ተነሳሁና የ2006ቱን ሌሊት ተናገርኩ። ሁሉንም። «ስጪ» ማለቴን፣ መቶ ብዬ ማንበቤን፣ ጠዋት የተቀበልኩትን ምስጋና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለን ታካሚን እንመክራለን፤ እኔ 11 ዓመት ደብቄ ነበር። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰው ይንቀኛል ብዬ ነበር። አንድ ሬዚደንት እጁን አውጥቶ የራሱን ተናገረ። ከዚያ አንዲት ነርስ። ያቺ ኢንተርን ግን አልተናገረችም። ከስብሰባው በኋላ ኮሪደር ላይ አግኝታኝ «አመሰግናለሁ ዶክተር» ብላ አለፈች።

አሁን በእኛ ዋርድ ዩኒት ሙሉ ቃሉ ይጻፋል። ራውንድ ስጨርስ እያንዳንዱ አልጋ ጋ ቆሜ «ያላየሁት ምን አለ?» እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ማንም አይመልስም ነበር። ሁለት ሳምንት ፈጀ። አንድ ቀን አንድ ነርስ «ዶክተር፣ እኚህ አባት ትናንት ጀምሮ ሽንት አልሸኑም» አለ። ሁላችንም ዞረን አየነው። ደነገጠ። «እግዜር ይስጥህ» አልኩት።

## ቡና

ሲስተር ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ እንደመጡ የሰማሁት ከአንድ የድሮ ባልደረባ ነው። ስልካቸውን ተቀብዬ ለሁለት ሳምንት ሳልደውል ቀረሁ። በመጨረሻ ለባለቤቴ ታሪኩን ነገርኳት። «ሂድ እንጂ!» አለችኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሄድኩ። ልጃቸው ቡና ታፈላለች። ሲስተር ነጭ ሻሽ አስረው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ጠጉራቸው ሸብቷል። «ዶክተርዬ፣ ወፍረሃል» አሉኝ። ሳቅን። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ስለ ሆስፒታሉ አወራን። አቦሉ እስኪደርስ ድረስ የመጣሁበትን አልጀመርኩም።

ከዚያ ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆዩና «አስታውሳታለሁ» አሉ። «አባትየው ጋቢያቸውን አልብሰዋት ነበር፤ እሳቸው በሸሚዝ ብርድ ላይ።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ስጪ» ስላልኳቸው። እጃቸውን አወናጨፉ። «ኧረ ተወኝ፣ ልጅ ነበርክ።»

«እርስዎ ደፋር ነዎት» አልኩ። ለተማሪዎቼ የነገርኩትን ደገምኩላቸው። «ተቆጥቼዎትም ወዲያው ተመልሰው መጡ።»

ሲስተር ስኒውን አስቀመጡት።

«ወዲያው አልመጣሁም» አሉ። «ቀድቼው ነበር።»

«ምኑን?»

«ኢንሱሊኑን። መቶውን። የተጻፈውን ስጪ አልከኝ፣ ቀዳሁት። ሲሪንጁን ይዤ አልጋዋ ጋ ደርሻለሁ። ክንዷን ስይዘው ቀጭን ነው። የእኔ ልጅ ክንድ መሰለኝ። ይሄ ሙሉ ሲሪንጅ ለዚህች ልጅ ነው እንዴ አልኩ። ልመለስ አልኩ። ደግሞ አንተ ተቆጥተሃል። ሁለተኛ ብቀሰቅስህ ጠዋት ለአለቃችን ለሜትሮን ትነግርብኛለህ ብዬ ፈራሁ። ያን ጊዜ ደግሞ አንድ ጊዜ ተከስሼ ነበር። እዚያው ቆምኩ።»

«ምን ያህል ቆሙ?»

«እንጃ ልጄ። አባትየው «ምነው ሲስተር?» እስኪሉኝ ድረስ።»

ምንም ማለት አልቻልኩም። ልጃቸው ቶናውን ይዛ መጣች። ስኒውን ስትዘረጋልኝ ክንዷን አየሁት።